ያገለገለ የኤሌክትሪክ ማውንቴን ሳይክል ከዓመታት በኋላ ምን ያስወጣል?

የአንኮበሩ ወንድማችን፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ። አንድ ሰው ለጥቂት ዓመታት የነዳውን፣ ሞተሩ ፔዳሉ ጋ መሃል ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ማውንቴን ሳይክል ሊሸጥልህ ነው። ሰዎች ደግሞ «ሞተሩ ቶሎ ይቃጠላል፣ ተወው» ብለውሃል። ልግዛ ወይ፣ ከገዛሁስ ምን ምን ያስወጣኛል ነው ያልከው። እኔ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። እንዲህ ያለውን ሳይክል ለዓመታት በሰላድንጋይ ኮረኮንች፣ በአንተው በአንኮበር ዳገትና በጣርማ በር ቁልቁለት ነድቼዋለሁ። ዘርዘር አድርጌ ብመልስልህ ይሻላል።

ሞተሩን ያን ያህል አትፍራው። የእኔ እስከ ዛሬ ተከፍቶ አያውቅም። ኪሴን ሲያራቁቱ የኖሩት ካቴና፣ የኋላ ማርሽና የፍሬን ሸራ ናቸው። እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ ባትሪው ነው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እነግርሃለሁ።

ከካቴናው ልጀምር። መሃል ላይ ያለ ሞተር ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ የሚልከው በካቴናው በኩል ነው። ኃይለኛ የሚባሉት የተራራ ሞተሮች 85 ኒውተን ሜትር (የማዞር ጉልበት መለኪያ ነው) እና ከዚያም በላይ ያወጣሉ። ያ ሁሉ ጉልበት ከእግርህ ግፊት ጋር ተደምሮ በአንድ ቀጭን ካቴና ላይ ያርፋል። ስለዚህ ካቴናው ከተራ ሳይክል በጣም ቀድሞ ያልቃል። «ካቴናው ተለጠጠ» ይባላል እንጂ ብረቱ አይለጠጥም። ፒኖቹና የሚዞሩበት ቀዳዳ ተፋቅተው ስለሚሰፉ ነው የሚረዝመው። የረዘመ ካቴና የማርሹን ጥርስ በትክክል አይገጥምም፣ እየፋቀ ይበላዋል። ካቴና በጊዜ ከቀየርክ ወጪህ አንድ ካቴና ነው። ካዘገየህ የኋላው ማርሽ በሙሉ፣ አንዳንዴም የፊቱ አብሮ ይሄዳል።

ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግህም፤ ጥሩ ማስመሪያ ይበቃል። ካቴናውን ወጠር አድርገህ ከአንድ ፒን መሃል ተነስና 24 አያያዥ ቁጠር። አዲስ ካቴና ላይ ይህ ርቀት 30.48 ሴንቲ ሜትር ነው። የኋላ ማርሽህ ባለ 11 ወይም ባለ 12 ደረጃ ከሆነ (የጥርሱ ቁጥር አይደለም)፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲጨምር ቀይረው። 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ድረስ መታገስ ይቻላል። ሳይክሉን ልታይ ስትሄድ ማስመሪያ በኪስህ ያዝ። ሻጩ የሚነግርህንና ማስመሪያው የሚነግርህን አስተያይ።

አያያዙም ወሳኝ ነው። ማርሽ ስትቀይር ለአንዲት ቅጽበት እግርህን አላላው። ሞተሩ እየገፋ ዳገት መሃል ማርሽ ከቀየርክ ካቴናው ሊበጠስ፣ ጥርስም ሊሰበር ይችላል። ዳገቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ቀላሉ ማርሽ ውረድ።

ዘይትን በተመለከተ አንድ ልማድ አለን፤ ጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ለምኖ ካቴና ላይ ማፍሰስ። እባክህ ይቅርብህ። በውስጡ የብረት ብናኝ አለበት። በበጋ ደግሞ የፒስታውን አቧራ ሰብስቦ ካቴናውን የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ግራሶም ለካቴና አይሆንም፤ ውጩ ላይ ይቀራል እንጂ ፒኑ ውስጥ አይገባም። ቀጭን የካቴና ዘይት በየአያያዡ ጠብ አድርግ፣ ጥቂት ቆይ፣ ከዚያ ውጩን በጨርቅ ጥርግ አድርገህ አድርቀው። ዘይቱ የሚያስፈልገው ውስጥ ነው፣ ውጩ ላይ የሚታየው ትርፍ ነው።

ክረምት ላይ የመንዝና የሞረት መንገድ ዋልካ ነው። ጭቃው ጎማና ፎርክ መሃል ገብቶ ይደርቅና አላንቀሳቅስ ይላል። ያኔ ሰው ወደ ላቫጆ ይሮጣል። በግፊት የሚወጣ ውኃ ግን የሞተሩን፣ የመዘውሩንና የመገጣጠሚያዎቹን ጎሚኒ አልፎ ግራሶውን አጥቦ ያወጣዋል፤ ኩሽኔታው ይዝጋል። ሞተር «ተቃጠለ» ሲባል ሳይ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው የገባ ውኃና የዛገ ኩሽኔታ አለ። ባልዲ፣ ሳሙናና ብሩሽ ይበቃል። ከታጠበ በኋላ የባትሪውን መሰኪያ በደረቅ ጨርቅ አድርቅ።

ሞተሩ ራሱ የሚጠላው ሌላ ነገር ከባድ ማርሽ ላይ ሆኖ ዳገት በዝግታ መግፋትን ነው። ሲዞር ይቀዘቅዛል፣ ሲታፈን ይግላል። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ እያዞርክ ውጣ፤ በደቂቃ 70 ዙርና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ስትገዛ ባትሪውን አጥፍተህ ፔዳሉን በእጅህ አዙርና አዳምጥ። የሚንገጫገጭ ድምፅ ካለ፣ ወይም ፔዳሉ የታሰረበትን ክንድ ወደ ጎን ስትነቀንቀው ከተላወሰ፣ ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍሬን። ይህን የምጽፈው በጣም ከልቤ ነው። ከጣርማ በር በደብረ ሲና አድርገህ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ነው የምትገባው። ሳይክሉ ብቻውን ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ አንተና ሻንጣህ ስትጨመሩ ደግሞ አስበው። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ነካ እንዳደረግክ ከወረድክ ሸራው የሚጨብጠው ዲስክ ይግላል፣ ሸራው ይከስላል፣ መያዝም ያቆማል። ጠንከር አድርገህ ለአጭር ጊዜ ያዝ፣ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ልቀቅ። የፊቱንም የኋላውንም ተጠቀም። መሃል ላይ ቆም ብለህ አብርደው። የጣርማ በሩ ዋሻ ውስጥ ደግሞ የፊትም የኋላም መብራት ይኑርህ፤ ከባድ መኪኖቹ ሳይክል አለ ብለው አይጠብቁም።

የሸራው ውፍረት ከብረቱ በላይ ወደ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲወርድ መቀየር ግዴታ ነው። እኔ ለቁልቁለት ስለምፈራ ቀደም ብዬ ነው የምቀይረው። ለእኛ አገር መንገድ ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ይሻላል፤ ትንሽ ይጮኻል፣ ግን ሙቀትና ጭቃ ይችላል። ዲስክህ ግን ለለስላሳ ሸራ ብቻ የተሠራ እንዳይሆን ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ብዙዎቹ ዲስኮች 1.8 ሚሊ ሜትር ሆነው ይመጡና 1.5 ሲደርሱ ይጣላሉ።

የፍሬን ዘይት ስትጨምር እጅግ ተጠንቀቅ። የመለዋወጫ ሱቅ ሄደህ «የፍሬን ዘይት» ካልክ የሚሰጥህ ዶት የሚባለውን የመኪና ዘይት ነው። እንደ ሺማኖ ያሉት ፍሬኖች ግን የሚሠሩት በማዕድን ዘይት ነው። የመኪናው ዘይት ውስጣቸው ከገባ ጎሚኒው ያብጣል፣ ፍሬኑም ቁልቁለት ላይ ሊከዳህ ይችላል። ዶት የሚጠቀሙ ፍሬኖችም አሉ፤ እነሱ ውስጥ የማዕድን ዘይት መጨመርም እንዲሁ ያበላሻል። የትኛው እንደሆነ እጀታው ላይ ተጽፏል።

ባትሪው። ለምን ያሳስበኛል መሰለህ? ሌላውን ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ያመጣልሃል። ባትሪ ግን አይሆንም። በመንገደኛ አውሮፕላን ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በሻንጣ ማምጣት የተከለከለ ነው፤ የእነዚህ ሳይክሎች ባትሪ ደግሞ አብዛኛው ከ400 ይጀምራል። ስለዚህ ያለውን ባትሪ እንደ ዓይን ብሌን መጠበቅ ነው።

በእኛ አካባቢ የባትሪ ጠላት ውርጭ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ከዚያም ይወርዳል። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ውስጡ ሊቲየሙ ብረት ሆኖ ይጋገራል፤ ያጣኸው አቅም አይመለስም፣ ለአደጋም ያጋልጣል። በረንዳ ላይ ያደረ ባትሪ ቤት አስገባና ሙቀቱ እስኪስተካከል ጥቂት ሰዓት ጠብቅ፣ ከዚያ ሰካ። በብርድ ጠዋት ርቀቱ ቢያጥርብህ ግን አትደንግጥ። ሲሞቅ ይመለሳል።

በአዘቦቱ ከ20 እስከ 80 በመቶ መሃል አቆየው። ሙሉ ማድረግ ረጅም ጉዞ ባለበት ቀን ነው። ክረምቱን ሳትነዳ የምታሳልፍ ከሆነ ግማሽ አካባቢ አድርገህ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው፤ በየወሩ እየው። ቻርጅ ሲደረግ በብርድ ልብስ ወይም በባና አትሸፍነው። አልጋ አጠገብና መውጫ በር ላይም አይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዘልል ቻርጀሩን ነቅለህ ጥቂት ቆይተህ መልሰህ ሰካው።

ስትገዛ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ይቅረብልህ። ባለ 36 ቮልት ባትሪ ሲሞላ 42 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። ከዚያ ከባድ ዳገት ላይ በከፍተኛው ጉልበት ውጣበት። መለኪያው በአንዴ ብዙ ከወረደ ወይም ሞተሩ ቀጥ ካለ ባትሪው ደክሟል፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ቀንስ፣ ካልሆነም ተወው። ያበጠ፣ የሚሸት ወይም ተከፍቶ የተበየደ ባትሪ ካየህ በምንም ዋጋ አትውሰድ። አንዳንድ ሞተሮች የራሳቸውን ኩባንያ ባትሪ ካልሆነ አይቀበሉም፤ «ሌላ እናስገጥምለታለን» የሚልህን ቶሎ አትመን።

የቀረው ቀላል ነው። የኋላ ጎማ ራጂ ከሞተሩ ጉልበት የተነሳ ይላላል፤ በጣትህ እየነካህ ድምፁን አወዳድር፣ የላላ ራጂ ካለ፣ ጎሚስታ ሳይሆን ቸርኬ ማቃናት የሚችል ሰው ያጥብቀው። የፎርኩን የሚያብረቀርቅ ዘንግ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በለስላሳ ጨርቅ ጥረግ፤ ዘንጉ ላይ የተጫረ መስመር ካለ ጥገናው ውድ ነው። ብሎኖቹን በየጊዜው ፈትሽ።

እኔ ብሆን ካቴናው ቢያልቅም፣ ሸራው ቢሳሳም፣ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ እገዛዋለሁ። ከመወሰንህ በፊት የባትሪውን ጽሑፍና የሞተሩን ሞዴል ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፈው። ደብረ ብርሃን ይዘኸው ከመጣህ ደግሞ ማስመሪያውም የቮልት መለኪያውም እኔ ጋ አለ፤ አብረን እናየዋለን።