ቆቅን በድምፁ መለየት ሥራ ይሆናል ወይ?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፍቼ አካባቢ በግ እየጠበቅሽ አደግሽ፤ ዘንድሮ በባዮሎጂ ተመረቅሽ። ቆቅን ሳታዪው በድምፁ ብቻ የትኛው እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጥያቄሽም እንዲህ የሚል ነው፦ "የወፍ አስጎብኚ መሆን እፈልጋለሁ። መጽሐፍ ገዝቼ ከ850 በላይ የሆኑትን የአገራችንን ወፎች በሥዕል ላጥና? ወይስ ይህን ነገር ትቼ ማስተርስ ልቀጥል?"

መጽሐፉም ማስተርሱም ትንሽ ይቆይ። "ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ" የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ሌላው ሰው ዓመታት የሚፈጅበትን ነገር አንቺ በጆሮሽ ይዘሻል።

ቆቅ እንደልብ የሚታይ ወፍ አይደለም፤ ይህን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሣር ውስጥ ይለጠፋል፣ ሲደርሱበት ፍርር ብሎ ጥሻ ይገባል። ስለዚህ ከሩቅ አገር የመጣ ወፍ ተመልካች የሚያስፈልገው ንጋት ላይ ቆም ብሎ "ይሄ እሱ ነው፣ ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር" የሚለው ሰው ነው።

አሁን ዕውቀትሽን በሥርዓት እናስቀምጠው። እኛ ሁሉንም ቆቅ እንላለን። ሳይንሱ ግን በሁለት ወገን ይከፍላቸዋል፤ ዝምድናቸውም እንደሚመስለው የቀረበ አይደለም። የአንዱ ወገን ድምፅ ሻካራ ጩኸት ነው። የሌላው ፉጨት ያለው ዜማ ነው። መጀመሪያ ይህን ለዪ። ቀጥሎ የቆምሽበትን መሬት ተመልከቺ።

ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፋፍ ላይ ጠዋት የምትሰሚው ትልቁ ቆቅ፣ ግንባሩ ጥቁር፣ አናቱ ቀላ ያለ ቡናማ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ኤርኬልስ ፍራንኮሊን ነው። እየፈጠነ፣ እየወረደ የሚሄድ ሳቅ የመሰለ ጩኸት አለው። ከዚያ ወደ ጀማ ሸለቆ ውረጂ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ አየሩም ዛፉም ይለወጣል። እዚያ ወንዝ ዳር፣ ደንገሉና ጥሻው ውስጥ ሃርውድስ ፍራንኮሊን አለ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይገኝም። የሚኖረውም በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ነው። ድምፁ የሚፋቅ ነገር ይመስላል። ብዙ ወፍ ተመልካች ያንን ሁሉ ቁልቁለት የሚወርደው በዋናነት ለዚህ ቆቅ ነው። አንቺ ደግሞ ጎረቤቱ ነሽ!

ባሌ ሌላ ዓለም ነው። ዲንሾ ላይ ጥዱና ኮሶው መሀል የሚጮኸው ቼስትነት-ኔፕድ የሚባለው ነው፤ ሰው ስለለመደ እንደ ዶሮ ሲንጎራደድ ታገኚዋለሽ። ሳኔቲ አምባ ላይ፣ 4000 ሜትር ገደማ፣ አስታውና ሣሩ ውስጥ ደግሞ ሙርላንድ ፍራንኮሊን አለ። ፉጨተኛው ወገን ይህ ነው። ወደ ያቤሎና ሜጋ ብትሄጂ ለረጅም ጊዜ ከዲንሾው ቼስትነት-ኔፕድ ጋር አንድ ተደርጎ ሲቆጠር የኖረ፣ ዛሬ ራሱን ችሎ የሚጠራ ጥቁር ግንባር ቆቅ ታገኛለሽ።

ችግሩ ቀጣሪ ጆሮሽን ማየት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ማስረጃ ሥሪ። ለሁለት ወር፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ቦታሽ ላይ ሁኚ። በስልክሽ ቅጂ። ቅጂው ማለቂያ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቦታውን ስምና ከፍታውን በራስሽ ድምፅ ተናገሪ። ጥርት ያሉትን ዜኖ-ካንቶ በሚባለው የወፍ ድምፅ ማኅደር ላይ ጫኚ፤ የሰማሽውን ዝርዝር ደግሞ ኢበርድ በሚባለው የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ መዝግቢ። ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ሁለቱም በስምሽ ይቀመጣሉ። ሲቪሽ ላይ "ወፎችን እወዳለሁ" ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ እነዚህን አስቀምጪ።

አንድ ነገር አደራ። ወፉን ለማውጣት የተቀዳ ድምፅ ደጋግመሽ አታጫውቺበት። ባላጋራ የመጣበት ይመስለውና ይረበሻል። እንግዳው ቢለምንሽም እምቢ በይ።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገርሽ። የአስጎብኚ ሥራ ወቅት አለው፤ መንገድ ሰላም ሲያጣ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። በሱ ብቻ ኑሪ አልልሽም። ያው ጆሮ ግን ሌላም እንጀራ አለው። የነፋስ ኃይል ማመንጫ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ሲታቀድ የወፍ ቆጠራ ይደረጋል፤ ተመራማሪዎችም የመስክ ረዳት ይፈልጋሉ። ጥሻ ባለበት አገር ቆጠራው በአብዛኛው በመስማት ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርን አነጋግሪ፤ በጎ ፈቃደኛ ሆነሽ ቆጠራ ላይ መሳተፍ ትችይ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ማስተርሱን ከአንድ የመስክ ዓመት በኋላ ብትጀምሪ የመመረቂያ ርዕስሽን ከጀማ ይዘሽ ትገቢያለሽ።

እናትሽ "ስንት ዓመት ተምረሽ ቆቅ ልታባርሪ ነው?" እንዳሉሽም ጽፈሻል። አንድ ቀን ጠዋት ይዘሻቸው ውጪ። በልጅነታቸው እያንዳንዱን ቆቅ ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ጠይቂያቸውና መልሳቸውን ቅጂ። የአካባቢው ስም ከድምፁ ጋር ሲቀመጥ ማኅደርሽ ሌላ ማንም የሌለው ነገር ይኖረዋል።