ስለ ካውቦይ ፊልሞች ጠየቃችሁ፣ መለስኩ

ከመጡት ጥያቄዎች የተወሰኑትን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህ የፊልም ዓይነት ከየት ጀመረ?

መልስ፦ ከእርሱም በፊት አንዳንድ ሙከራዎች ነበሩ፤ መንገዱን የጠረገው ግን በ1903 የወጣው «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» ነው። ርዝመቱ 12 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። በውስጡ አንድ ባለ ሪዝ ሽፍታ ሽጉጡን ወደ ተመልካቹ ደግኖ የሚተኩስበት ትዕይንት አለ። ከታሪኩ ጋር ስለማይያያዝ፣ ሲኒማ ቤቶች እንደ ምርጫቸው መጀመሪያ ላይ ወይም መጨረሻ ላይ ያሳዩት ነበር። በነገራችን ላይ የአሜሪካ «ምዕራብ» ሆኖ የሚታየው ይህ ስፍራ የተቀረፀው በምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ ነው።

ጥያቄ፦ እውነተኞቹ ካውቦዮች ፊልሞቹ እንደሚያሳዩዋቸው ነበሩ?

መልስ፦ የለም። ደመወዝተኛ ከብት ነጂዎች ነበሩ። ከአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከቴክሳስ ተነሥተው ካንሳስ ባቡር ጣቢያ ድረስ መንጋ ይነዱ ነበር። ከመካከላቸው ብዙ ጥቁሮችና ሜክሲኮአውያን ነበሩ፤ ሆሊውድ ግን ለረጅም ዘመን ከታሪኩ አውጥቷቸዋል። ዶጅ ሲቲን የመሰሉ ከተሞች ደግሞ ወደ ከተማ የሚገባ ሰው መሣሪያውን እንዲያስረክብ የሚያስገድድ ደንብ ነበራቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፊልሙ ውሸት ከሆነ ምን ያስተምረናል?

መልስ፦ ስለ 1870ዎቹ ብዙም አያስተምርም፤ ስለ ተሠራበት ዘመን ግን እንዴታ! በ1952 የወጣውን «ሃይ ኑን»ን ተመልከቱ። አንድ ገዳይ በእኩለ ቀን ባቡር ሊመጣ ነው፤ የከተማዋ ሕግ አስከባሪ በየበሩ እየዞረ እርዳታ ይለምናል፤ ሁሉም ሰበብ ይደረድርለታል። የፊልሙ ጸሐፊ ካርል ፎርማን በዚያው ሰሞን ኮሚኒስቶችን ያሳድድ በነበረው የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቧል፤ ወዳጆቹም ሸሽተውታል። የካውቦይ ፊልሞች ኮከብ የነበረው ተዋናይ ጆን ዌይን ፊልሙን አምርሮ ጠላው። ከሌላ ዳይሬክተር፣ ከሃዋርድ ሆክስ ጋር ሆኖ በ1959 «ሪዮ ብራቮ»ን መልስ አድርጎ ሠራ፤ በዚያ የሚታየው ሸሪፍ (ሕግ አስከባሪ) ማንንም አይለምንም። ሁለት ፊልሞች፣ አንድ የፖለቲካ ጠብ!

ጥያቄ፦ የአገሩ ባለቤቶች፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች፣ ለምን ሁልጊዜ ጠላት ይሆናሉ?

መልስ፦ ወራሪውን ጀግና ለማድረግ ስለሚመች ነዋ። በ1939ኙ «ስቴጅኮች» አፓቺ የተባለውን ነባር ሕዝብ ሆነው የሚዋጉት ፊልሙ የተቀረፀበት የሞኑመንት ቫሊ ሰዎች፣ ናቫሆ የተባሉ ሌላ ነባር ሕዝብ ናቸው። የዚያው ፊልም ዳይሬክተር ጆን ፎርድ በ1956 «ዘ ሰርቸርስ»ን ሲሠራ ግን ጀግናው ለነባሮቹ ያለውን ጥላቻ ራሱን ለፍርድ አቅርቧል። ሙሉ በሙሉ ተሳክቶለታል አልልም።

ጥያቄ፦ ጣሊያኖቹስ ምን አገባቸው?

መልስ፦ ገበያው ነዋ! ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ በ1964 አሜሪካዊውን ተዋናይ ክሊንት ኢስትዉድን ይዞ ስፔን ገባ፤ በረሃው ቴክሳስን ይመስላል፣ ወጪውም ርካሽ ነው። ታሪኩን ከጃፓናዊው ኩሮሳዋ ፊልም ስለወሰደ ክስ ተመሠረተበት። በ1966 በሠራው «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» ፊልም መጨረሻ ላይ የሚታየውን ግዙፍ የመቃብር ስፍራ የስፔን ወታደሮች ናቸው የሠሩለት። ሦስት ሰዎች እዚያ መሀል ይፋጠጣሉ፤ ዓይን፣ እጅ፣ ሽጉጥ፣ እንደገና ዓይን፤ ከሥሩ የሞሪኮኔ ሙዚቃ። ለደቂቃዎች አንድ ቃል አይነገርም።

ጥያቄ፦ በየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ በ«ሃይ ኑን»። 85 ደቂቃ ነው።