ማሊያዬ ታጥቦም ይሸታል፣ ምን ላርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ጠዋት ጠዋት እንጦጦ እሮጣለሁ። ድራይ ፊት የሚባሉት ማሊያዎች አሉኝ፣ ታጥበው ሲደርቁ ምንም አይሸቱም፣ ለብሼ ገና ሰውነቴ ሞቅ ሲል ግን ከብብቱ ያ የድሮ ሽታ ይነሳል። የጥጥ ካናቴራዎቼ እንዲህ አያረጉም። ኦሞ ጨመርኩበት፣ ሶፍትነርም ገዛሁ፣ ጭራሽ ባሰበት። ላብ ይመጥጣል ተብሎ አይደል እንዴ የተሸጠልኝ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይመጥጣል ያለህ ሻጭ ነው እንጂ ማሊያውስ አይመጥጥም። ድራይ ፊት የምንላቸው አብዛኞቹ ፖሊስተር ናቸው፣ የፖሊስተር ክር ደግሞ ውሃ ወደ ውስጡ አያስገባም፤ ጥጥ ዝም ብሎ ተሰቅሎ እንኳ ከአየሩ የክብደቱን 8 በመቶ ገደማ እርጥበት ይይዛል፣ ፖሊስተር ግማሽ በመቶም አይሞላም። ታዲያ ላቡ የት ይገባል ካልክ በክሮቹ መሀል ባለው ቀጭን ክፍተት እየተሳበ ወደ ውጪ ይወጣል፣ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ማለት ነው፣ ውጪ ላይ ሰፋ ብሎ ይዘረጋል፣ የተዘረጋ ውሃ ደግሞ ቶሎ ይተናል። ለዚሁ ሲባል ክሩን ድቡልቡል ከማድረግ ይልቅ ጎን ለጎኑ ቦይ ያወጡለት አሉ፣ የአሜሪካው ዱፖንት በፈረንጆቹ 1986 ያወጣው ኮልማክስ አንዱ ነው።

ሽታውም የሚመጣው ከዚሁ ጠባዩ ነው። ፖሊስተር ውሃ ይጠላል እንጂ ቅባት ሲያገኝ አይለቅም። ላብ ራሱ ብዙ አይሸትም፣ ግን የብብት ላብ ቅባት ነገር አለበት፣ ባክቴሪያ እሱን ሲበላ ነው የሚገማው፣ ቅባቱና የሽታው ቅሪት ክሩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ በቀዝቃዛ ውሃ አሸት አሸት ስታረገው ላይ ላዩን ይሄዳል፣ ነገ ሰውነትህ ሲሞቅ የቀረው ይነሳብሃል። ቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 2014 ያሳተሙት ጥናት አለ፣ 26 ሰው ጂም ውስጥ አንድ ሰዓት ብስክሌት አስነድተው ማሊያቸውን ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው በማግስቱ ለሰው አስሸተቱ (የአሽታቾቹን ስራ ለጠላቴም አልመኝም)፣ የፖሊስተሩ ሽታ ከጥጡ የባሰ ሆኖ ተገኘ፣ ማይክሮኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎችም ፖሊስተሩ ላይ ነበር የተመቻቸው።

አሁን ወዳንተ እንምጣ። ሶፍትነሩን ዛሬውኑ ተወው። የሚያለሰልሰው ክሩን በስስ ቅባት ነገር ሸፍኖ ነው፣ ላብ የሚሄድበትን መንገድ ይዘጋል፣ ለሽታውም መያዣ ይጨምርለታል። ካላመንክ ማሊያውን ገልብጥና ጀርባው ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አርግበት፣ ወዲያው ከተዘረጋ ደህና ነው፣ እንደ ዶቃ ቁጭ ካለ ተሸፍኗል ማለት ነው። ኦሞ ማብዛቱም በደንብ ካልተለቀለቀ እዛው ይቀራል። ይልቅ ከሩጫ እንደመጣህ ላስቲክ ውስጥ ጠቅልለህ ሳታሳድር በውሃ አውጣው፣ ከዛ ገልብጠህ ብብቱን በትንሽ ላርጎ እሸው፣ ቅባት የሚያወጣ እሱ ነው፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈህ እጠብ፣ አየር ያለበት ቦታ አስጣ። በረኪና እንዳታስጠጋ፣ የሚለጠጠውን ክር ይበላዋል።

አንቲባክቴሪያል የሚል ምልክት ያለው ብገዛስ ትል ይሆናል። ብዙዎቹ ላይ የብር ማዕድን ወይ ዚንክ ነው የሚደረገው፣ ባክቴሪያውን ያዳክማል፣ የተለጠፈውን ቅባት ግን አያነሳልህም፣ በየእጥበቱም እየሳሳ ይሄዳል። እኔ ለሱ ብዬ ብዙ ብር አልጨምርም። ወደ ጥጥ ልመለስ ካልክ ደግሞ ለሰፈር ዱብ ዱብ ይሁንልህ፣ እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ የረጠበ ጥጥ ከብዶ ጀርባህ ላይ ይለጠፍና ቁልቁል ስትወርድ ንፋሱ ያንቀጠቅጥሃል።

ጥያቄ፦ እኔ ዱባይ ነው ያለሁት፣ በበጋ ማታ ማታ ዎክ አረጋለሁ፣ ያው ድራይ ፊት ለብሼ እንኳን ሊደርቅ ይጨመቃል። ፎርጂድ ገዝቼ ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ፎርጂድ ላይሆን ይችላል፣ ጥፋቱ የአየሩ ነው። የሚያቀዘቅዝሽ ላቡ መውጣቱ ሳይሆን መትነኑ ነው፣ አንድ ሊትር ላብ ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 580 ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፣ ተንጠባጥቦ መሬት የወረደው ግን ምንም አይወስድልሽም። አየሩ ራሱ በእርጥበት ሲሞላ ማሊያው ላቡን ወደ ውጪ ቢያወጣውም የሚቀበለው የለም። ስለዚህ ብራንድ ከመቀየር ሰፋ ያለ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስስ ነገር ልበሺ፣ ነፋስ በውስጡ ይለፍ፣ ጠባቡንና ቆዳ ላይ የሚጣበቀውን ተይው። ከዎክ በቀጥታ ሞል የምትገቢ ከሆነ ግን ደረቅ ቅያሪ ያዢ፣ እዛ ያለው ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቀው ያ ሁሉ ላብ ባንዴ መትነን ይጀምርና ያንዘፈዝፍሻል።