የሴፍቲኔት ድጋፍ የሚሰጠው ኤች አይ ቪ ስላለብን አይደለም

ደሴ እንደሚኖሩ፣ ልብስ አጥበው ይተዳደሩ እንደነበርና የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመሩ ስምንት ወር ቢሆንዎትም አቅም እንዳነሰዎት ገልጸው፣ ቫይረሱ በደማችን ላለ ሰዎች መንግሥት በየወሩ የሚሰጠው ገንዘብ ይኖር እንደሆነ ለጠየቁን እኅት፣ እኔ ያለፍኩበትን ልንገርዎት። መድኃኒቱን ከጀመርኩ ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል።

ቫይረሱ ስላለብን ብቻ የሚቆረጥልን ወርኃዊ ገንዘብ የለም። በነፃ የምናገኘው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚታደለውን መድኃኒትና ክትትሉን ነው፤ ሌላው ድጋፍ የሚታየው በድህነትና በሥራ አቅም ነው። ይህን ባለማወቄ የክትትል ካርዴን ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት አንድ ዓመት አባከንኩ፤ አንዱ ሠራተኛማ ሰው በተሰለፈበት ካርዱን ገልጦ ጮክ ብሎ አነበበው።

ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ፣ የከተማ ሴፍቲኔት፣ በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር ደሴ ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤተሰብ በጽዳትና በመሳሰለው የአካባቢ ልማት ሥራ ተሰማርቶ ሲከፈለው፣ የሚሠራ ሰው የሌለው ደግሞ የቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም ያለ ሥራ የሚሰጥ ገንዘብ፣ ያገኛል። እኔ የቀጥታ ድጋፍ ውስጥ ስገባ የሕመሜን ስም ለኮሚቴው መናገር አላስፈለገኝም፤ ሐኪሙ «ከባድ የጉልበት ሥራ መሥራት አይችልም» ብሎ ማኅተም ያሳረፈበት አንድ መስመር በቂ ሆኖ ተገኘ። ምዝገባ ሲከፈት እንዲሁ ያድርጉ። የተመረጡት ሰዎች ዝርዝር ቀበሌው ግድግዳ ላይ ሲለጠፍም በሰው ወሬ ሳይወሰኑ ራስዎ ሄደው በጣትዎ እየተከተሉ ያንብቡት፤ የሚለጠፈው ቅሬታ እንዲቀርብበት ነውና። የእኔ ስም በአያቴ ስም ስሕተት ምክንያት የሌላ ሰው መስሎ ተጽፎ ነበር። ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፣ ግልባጩንም ያስቀሩ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንንም አይናቁት፤ መድኃኒታችን ነፃ ቢሆንም ለሌላ ሕመም ራጅና መርፌ ሲታዘዝ ኪስ ይራቆታል። መክፈል የማይችል ድሃ ተብሎ የተለየ ቤተሰብ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍንለታል፤ ይህንንም የሚጠይቁት እዚያው ቀበሌ ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን ድካሙ ነው። ከስምንት ወር በኋላ ጉልበት ሊመለስ ሲገባው ካልተመለሰ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለክትትል ክፍሉ ይንገሩ፤ የሳንባ ነቀርሳ ተደብቆ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም በነፃ ነው።