የሙሽሪት ፎቶ የማን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ላይ ፎቶ ቤት ልትከፍት የተነሳኸው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሁለት ነው። ያነሳኋቸውን ሙሽሮች ቲክቶክ ላይ ብለጥፍ ያስከስሰኛል ወይ? ከእኔ እምነት ውጭ የሆነ ሰርግ ሲመጣስ «አልሠራም» ማለት እችላለሁ?

ከፎቶው እንጀምር። «እኔ ያነሳሁት የእኔ ነው» የሚል ፎቶ አንሺ ሞልቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አንቀጽ 27 ላይ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። በሕዝብ ፊት ለተደረገ ነገርና ለታወቀ ሰው አንቀጽ 28 ላላ ይላል። ሰው ሳሎን ውስጥ የተበላ መልስ ግን እዚያ አይገባም። ደጅህ መስታወት ላይ የምትሰቅላት ሙሽራም ብትሆን ፈቃዷ ያስፈልጋል፤ ይሄን ስንቱ ይዘነጋዋል!

የቅጂ መብት አዋጁ፣ ቁጥር 410/1996፣ ደግሞ በትእዛዝ የተሠራን ሥራ ሌላ ስምምነት ከሌለ ላዘዘው ሰው ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ቀብድ ስትቀበል አንድ ገጽ ውል አስፈርም። የቅጂ መብቱ የማን እንደሆነ፣ ለማስታወቂያ መጠቀም መቻል አለመቻልህ እዚያው ይጻፍ። ሁለቱም ይፈርሙ፤ የሙሽራው ፊርማ ለሙሽሪት አይሠራም። የራስህ ለሆነው ፎቶ ጥበቃው 25 ዓመት ነው። ስምና አድራሻህን አትርሳበት። የድሮ ፎቶ ቤቶች ከጀርባ የሚመቱት ማኅተም ለጌጥ ብቻ አልነበረም።

ወደ ሁለተኛው። ቀኑ ተይዟል፣ ዋጋው አላዋጣም፣ መንገዱ ራቀ ብለህ መተው ትችላለህ። ሰዎቹ ማን ስለሆኑ መተው ግን ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በሃይማኖት፣ በብሔር፣ በቋንቋ፣ በፆታ ልዩነት እንዳይደረግ ይላል። ሕገ መንግሥቱን የማክበር ግዴታ ደግሞ፣ አንቀጽ 9ን ብታይ፣ የዜጎችም ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ እዚያ ሰፈር ደንበኛ እየመረጥክ የቤት ኪራይ አትከፍልም። ዛሬ ተክሊል፣ በሳምንቱ ኒካህ ነው። የሴቶቹ ድንኳን ወንድ አይግባ ከተባለ አትቀየም፤ ካሜራ የምትችል ሴት ከአሁኑ ፈልግ። እኔ ብሆን ከሁለተኛው ካሜራ በፊት እሷን እቀጥር ነበር።

ቤቱን ስትከራይ ደግሞ ምድር ላይ ይሁን። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ለአንድ ጉርድ ፎቶ ሦስተኛ ፎቅ አይወጣልህም።