የኋላውን ሾክ ራስህ ቀይር፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ግን ብሎን እንዳታጠብቅ

«ፒያሳ ነኝ፣ ቢኤምደብሊው 330 አለኝ፣ የኋላውን ሾክ አብዞርበርና ሞላ በተሻለ ልቀይር ነው፤ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልሞክረው ወይስ ጋራዥ ልውሰደው?» ላልከው ወንድሜ። ሞክረው። እኔ አራት ኪሎ፣ አከራዬ ግቢ ውስጥ ሠርቼዋለሁ። ያውም ሁለት ጊዜ። ሁለተኛው ለምን እንዳስፈለገ ልንገርህና አንተ በአንዱ ተገላገል።

የስንት ዓመት ሞዴል እንደሆነ አልጻፍክም። እንደኔው ኢ46 (የ3 ሲሪስ አንዱ ትውልድ መለያ) ነው ብዬ ነው የምቀጥለው። ጎማ አፈታት አልነግርህም። 231 የፈረስ ጉልበት እየነዳህ ይህን የማታውቅ ከሆነ ጋራዥ ውሰደው።

1. ዝቅ አታድርገው። እኔም 30 ሚሊሜትር ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ልገዛ ሶማሌ ተራ ወርጄ ነበር። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አየኝና «ልጄ፣ ይሄን አስገብተህ በየት ልታልፍ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። የኮሪደር ልማት የነካው ዋና መንገድ ላይ ችግር የለም። ወደ ውስጥ ታጥፈህ ኮብልስቶኑ ላይ ስትወጣ፣ ሰፈርተኛው በራሱ ሲሚንቶ የሠራው ጉብታ ይጠብቅሃል። ስለዚህ የፋብሪካውን ሞላ አልቀየርኩም፤ ቢልስታይን ቢ6 የሚባለውን ሾክ ብቻ በሰው እጅ ከዱባይ አስመጣሁ። ቢ8 አትግዛ። እሱ ለዝቅተኛ ሞላ ተብሎ ያጠረ ነው። ቁጥሩ ስለበለጠ የተሻለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

2. የሾኩን የላይኛ ማሰሪያ አብረህ ቀይር። ኢ46 ላይ ከኋላ ኳ ኳ የሚለው ብዙ ጊዜ ሾኩ ሳይሆን እሱ ነው። የኋላ ኮፈኑን ከፍተህ ምንጣፉን ስትገልጥ ሁለት ባለ 13 ዳዶ ታገኛለህ። ማጠናከሪያ ላሜራም ጨምርበት፤ ቦታው ላይ ቦዲው የመሰንጠቅ አመል አለው። ዳዶዎቹን አደራ በጉልበት አይደለም፤ 24 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ይበቃቸዋል። የታችኛው የሾክ ብሎን ነው 100 የሚፈልገው።

3. የታችኛው ብሎን። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ጀመርኩ። የቀኙ ዝጎ እንቢ አለ። የጎረቤት ልጅ የውሃ ቧንቧ ቁራጭ አመጣልኝ፤ ቁልፉ ላይ ሰክተን ሁለታችንም ተንጠለጠልንበት። ጧ! ሲል ተሰበረ ብዬ ነበር፤ ለካ ተፈትቷል። እትዬ፣ አከራዬ፣ በየሰዓቱ ብቅ እያሉ «አሁንም ከሥሩ ነህ?» ይሉኛል። ሞላውን አውጥቼ ላየው ስል የታችኛውን ክንድ (ጎማውን ከሥር የሚይዘውን ብረት) ብሎንም ፈትቼ ነበር። 10 ሰዓት ላይ ሁሉንም ገጠምኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በዚያው ሞቅታ፣ መኪናው ገና ከፍ እንዳለ፣ ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ብሎኖቹን ሁሉ ጥርቅም አደረግኳቸው።

አበቃ። ጥፋቱ ይሄው ነው።

ክንዱ ጫፍ ላይ ብሎኑ የሚያልፍበት ጎሚኒ ውስጡ የብረት ቱቦ፣ ውጭው የብረት ቀለበት ነው፤ መሃሉ ላይ ላስቲክ ተጣብቋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ባለበት ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ክንዱ ሲንቀሳቀስ የሚጠመዘዘው ላስቲኩ ነው። ተንጠልጥሎ ካሰርከው፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ ቆሞም እንደሚጨመቅ ጨርቅ ተጠምዝዞ ነው የሚውለው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ስወርድ ንጉሥ ነበርኩ። በሁለት ወሩ ጭራው መወዛወዝ ጀመረ። አንድ አላይመንት ቤት (የጎማ አቀማመጥ የሚያስተካክሉበት) ወሰድኩት። ልጁ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ እንኳን ሳያይ «ሻንሲው ተጣሟል፤ የተጋጨ መኪና ነው የሸጡልህ» አለኝ። እንዴት አወቅክ ስለው «እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም» ብሎ ሂሳብ ጻፈልኝ። ከፈልኩ። ያናድደኛል እስከ ዛሬ። ማታውኑ መኪናውን የሸጠልኝ ሰው ጋ ደውዬ የማይባል ተናገርኩት። በኋላ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ስልኬን አሁንም አያነሳም።

ነገሩን የለየው ጎተራ አካባቢ ያለ መካኒክ ነው። በስልኩ መብራት ጎሚኒውን አየና «ማነው እንዲህ ያሰረው?» አለ። «እኔ እንጃ፣ ስገዛው እንዲሁ ነበር» አልኩት። ጎሚኒው ተቀዷል። ጎሚኒ፣ የአላይመንት ሂሳብ፣ እንደገና ሌላ ቤት አላይመንት፤ ሲደመር የአንድ ወር ኪራዬን በላ።

በሁለተኛው ዙር ያደረግኩት ይህን ነው። ሳትፈታ በፊት መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ፣ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለካና ጻፈው፤ ግራና ቀኙን ለየብቻ። ስትገጥም ብሎኖቹን በእጅህ ብቻ አስገባ። ከዚያ ሁለተኛ ክሪክ ከታች አስገብተህ ያንኑ ልክ እስክታገኝ ክንዱን አንሳው። ያኔ አጥብቅ። መኪናው ከመደገፊያው ለቀቅ ሲል ካየህ ወዲያው አቁም። በድንጋይና በብሎኬትማ በጭራሽ አትደግፈው። የታችኛው ክንድ አንዱ ብሎን ጎማውን የሚያጋድል ማስተካከያ ነው፤ ሳትፈታው በቀለም ምልክት አድርግበት።

4. ቶርክ ሬንች (ብሎን በልኩ የሚያጠብቅ ቁልፍ) ከሌለህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ አራት ኪሎ መጥተህ ትወስዳለህ። ክሪኩን ግን አላውስም። አንዱ ወስዶ ዘይቱን እያንጠባጠበ መለሰልኝ።