አሮጌ ትራክተር ላይ ከሌላ መኪና የወጣ አልተርኔተር ማሰር

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ላለው አሮጌ ትራክተርህ የአልተርኔተሩን (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ዕቃ) ሦስት ሽቦ የት የት ልሰር ብለሃል። ከሁሉ በፊት ባትሪውን እይ። አንዳንድ አሮጌ ትራክተር ላይ ከሻሲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ወደ ሻሲው አዙር፤ አለበለዚያ በአልተርኔተሩ ውስጥ ያሉት ዳዮዶች (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት) ወዲያው ይቃጠላሉ። እኔ ደሴ ላይ አንዱን እንዲህ አቃጥያለሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ወፍራሙ ሽቦ በቀጥታ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይሄዳል። ቮልቴጅ የሚለካው ቀጭኑም እዚያው ይታሰራል። ሌላው ቀጭን በቁልፉ በኩል ይመጣል፤ መሃል ላይ ግን አምፖል አስገባ። ብዙ ሰው አምፖሉ ለጌጥ ይመስለዋል። እሱ ከሌለ የቤንዚን ሞተር ቁልፉን ብታጠፋውም መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል።

አስነስተህ ባትሪው ላይ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካሳየህ እየሞላ ነው። ሞተሩ እየሠራ ግን የባትሪውን ሽቦ አደራ እንዳትፈታ።